የሰው ልጅ

ጎህ ሳይቀድ ታሪኳ ደጄ ላይ ናት፤ ከአስፋልቱ ዳር
የፓርኩ ሰርቪስ ይጮኻል፤ ጨለማ ለብሷል ታቦር።
ዮቶርን ከጀርባዋ ፈታ ታስረክበኛለች፣
እንቅልፉ እንዳይሰበር ትንፋሿን ይዛለች፤
አንድ ጠርሙስ ወተት፣ አንድ ቅያሪ ሱሪ፣
“እቴቴ፣ አደራሽን” — ከዚያ ሩጪ፣ ብረሪ፣
ወደ ፓርኩ፣ ወደ ሼዱ፣ ወደ ስፌቱ መስመር፣
በማታውቀው ሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትደረድር።

እኔ ደሞዜ አለኝ፣ በወሩ መጨረሻ።
ሶስናዬስ ምን አላት? የእናቷን ግማሽ ድርሻ።
አምስት ዓመቷ ነው፤ የት ውል ተፈራረመች?
ሳትጠየቅ ፍራሿን፣ ጉያዬን አከራየች።

የጠቡ መነሻ ዛሬ አንዲት የላስቲክ ባጃጅ፣
ሦስቱም ጎማ የሌላት፣ ለማንም የማትበጅ።
ትናንት አንድ ቆርኪ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ የፓፓያው ጥላ፣
አንዱ ስለያዘው ብቻ ላንዱ የሚጥም ባቄላ።
አንድ ቀንማ ጣራችን ላይ በቆመ አባ ኮዳ ተጣሉ፣
“የኔ ነው!” “ውሸቷን ነው!” እየተባባሉ፤
ወፉ ራሰ በራውን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ አዞረና
ከላይ አይቷቸው አይቷቸው፣ ክንፉን ዘረጋና
ሄደ።

ያልሞከርኩት የለም።
“እስከ ሃያ ቁጠሩና ተቀያየሩ” አልኩ፤
በራሷ ተራ ሶስና ቁጥሩን አራዘመች፣
አስራ አንድ ላይ ቆማ ወደ አምስት ተመለሰች፤
በሱ ተራ ከሁለት ዘላ ሃያ ገባች።
እሱም ቢሆን የዋህ አይደለም። መቁጠር ባይችልም፣
መቼ እንደምዞር ያውቃል፤
ዞር ስል ይቆነጥጣል፣ ዞር ስል ቀድሞ ያለቅሳል።

ማክሰኞ ግን ነከሰችው። ክንዱ ላይ ማኅተም ቀረ፣
የወተት ጥርሷ ቁጥሩ አንድ ባንድ ተቆጠረ።
ለእናቱ ምን እላለሁ ብዬ ደነገጥኩና፣
ሳልጠይቅ፣ ሳልሰማ፣ ጆሮዋን ያዝኩና፣
“የሰው ልጅ እኮ ነው! እንዴት ትነክሺዋለሽ?”

አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ።
“እኔስ፣ እማ፣ የሰው ልጅ አይደለሁም?” አለችኝ።

እጄ ከጆሮዋ ወረደ።
በእናቴ አፍ፣ በጎረቤት አፍ ስንቴ የሰማሁት፣
“የሰው ልጅ ነው፣ ተዪለት”፣ “እንግዳ ነው፣ ልቀቂለት”፣
“አንቺ የቤት ነሽ፣ ቻይው”...
ለካ የቤት ልጅ ስንል የኪሳችን ሳንቲም ናት፣
ለሰው ፊት ማብሪያ ብለን መዘን የምንከፍላት።

ዮቶር ክንዱን ይዞ፣ ንፍጡን ወደ ላይ ስቦ፣
ባጃጇን ዘረጋላት፣ በቀስታ ቀርቦ፤
“እንኪ፣ ውሰጃት” አላት።
እጇን ስትዘረጋ መልሶ ነጠቃት።

እኔም ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ቀትር ላይ፣ እሱ ሲተኛ፣ ጓሮ ይዣት ወጣሁ፤
ልብስ የተዘፈዘፈበትን ሳፋ ረሳሁ።
ፀጉሯን አርሼ ሠራሁላት፣ አንድ ጎን፣ ሌላ ጎን፣
ምንም አላወራን።
ቢጫዋን ማንኪያ፣ ጆሮ የሌላትን አሻንጉሊቷን
ከቁምሳጥኑ አናት አኖርኩ፤ “ይህን ማንም አይነካም፣
አካፍዪ አልልሽም” አልኳት።
ደጋግማ አስማለችኝ።

ማታ ለታሪኳ ነገርኳት፣ ሳልሸፍን፣ ሳልቀንስ፦
“ልጄ ነክሳዋለች፣ ጥፋቱ ግን የኔም ነው።”
ክንዱን አገላብጣ አየችው፤ ጣቶቿ በመርፌ የተወጉ።
ከዚያ የራሷን እጅጌ ሰበሰበች።
“ይቺን አየሽ? የታላቅ እህቴ ጥርስ ናት።
ቦዲቲ ነው ያለችው። ዘንድሮ ሳላያት።”

እንዳዘለችው ወጡ፤ የውሻ ጩኸት ተከተላቸው።
ሶስና በሩን ይዛ እስኪርቁ አየቻቸው።
“ነገም ይመጣል?”
“አዎ።”
“እንዳይመጣ በያት።”
ባጃጇን ግን ወስዳ
ከደጃፉ ሥር አቆመቻት፣
አፍንጫዋን ወደ ውጭ።