ድግሱ ሲቀልጥ

ስሜ ፐርሊ ነው፤ የሜይን ልጅ፣ የኬነቤክ ወንዝ ሰው፣
በጥር የጋዝኩትን በነሐሴ ሀብታም ደጅ የማደርሰው።
በረዶ ነጋዴ አይደለሁም። ተሸካሚ ነኝ።
መንጠቆና የቆዳ ደረብ ነው ከዓለም ያለኝ።

ወንዙ ሲደነድን ፈረስ ጠምደን እንወጣለን፤
ውሃ እናርሳለን።
ትልሙን ተከትሎ መጋዝ ሲያጉረመርም፣
ትንፋሽ ጢም ላይ ሲረጋ፣ ፀሐይ ወጥታ ላትሞቅ ስትቆም፣
የቆረጥነው ሁሉ ሰጋቱራ ለብሶ ጎተራ ይገባል፤
በላተኛውን የማያውቅ እህል፣ በጋን ይጠብቃል።

አጠገቤ አንድ ልጅ ነበረ፤ ኦርሪን ታክ የሚሉት፣
አባቱን ከነፈረሱ ያ ወንዝ የዋጠበት።
አሥራ አራት ዓመቱ። ምሳው የደረቀ ድንች።
አንድ ጠዋት መጋዙ ሳተ፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቀረች
እዚያው፣ ነጩ ላይ።
አላለቀሰም። ጨርቅ እየጠመጠመ ሽቅብ እኔን ሲያይ፣
«ፐርሊ፣ ይህን ውሃ የሚጠጣው ማነው?» አለኝ።
«ሀብታም ነዋ!» አልኩት።
«እንግዲያው ጠጪው እኔ ነኝ።»

*

ኒውፖርት። ሃያ ዓመት አልፎ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት፣
ግድግዳው እብነ በረድ፤
ገንዘብ «አትቅለጥ» ብሎ ያዘዘው በረድ ማለት።
ካሚዮኔን በጓሮ አቆምኩ፤ ለእኛ የተቀደደው በር በዚያ ነው፤
የፊት ለፊቱ፣ ሰው ሳይሆን ጫማ አይቶ ነው የሚከፈተው።

ሲልቪዮ የሚሉት የወጥ ቤት አለቃ፣ መሮ ይዞ እየጠበቀ፣
በረዶዬን ምድር ቤት አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ፈለቀቀ።
ሲመሽ ፈረስ ወጣው፤
አንገቱን ሽቅብ የመዘዘ፣ አፉን ከፍቶ አየር የሚለምን።
«ጌታው ራሳቸው ስለው ነው የሰጡኝ» አለ።
ዝም አልኩ። ያንን ፈረስ አውቀዋለሁ።

እንግዶቹ በሻይ ስኒ የተከለከለውን መጠጥ ይዘው ከበቡ፤
«የእሽቅድምድም ፈረስ! ሊያሸንፍ ሲል!» ብለው አጨበጨቡ።
ሙዚቃው ጋለ፤ ድግሱ ቀለጠ።
ፈረሱም ቀለጠ።

ጌታው መጣ። ስሙ አሁን ሚስተር ኦገስት ፌርሌይ ነው፤
ነጭ ጓንቱን ለምሳም፣ ለጭፈራም አያወልቀው።
አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል። ይሁን።
አንዷን በጥጥ የሞላትስ ከየትኛው ይቆጠር ይሆን?

በጓዳው በር ስንጥቅ አየሁ፦
ሚስ ኮርዴሊያ ስትደንስ፣ ጥጧ በመዳፏ ውስጥ ተጨመደደች።
የእሷ ወገኖች ገንዘብ አላገኙም፤ ገንዘብ ሆነው ነው የተወለዱ።
«አባትዎ በምን ይተዳደሩ ነበር?» አለች።
«ፈረስ ነበራቸው» አላት።
አልሳቀችም። የጨዋ ልጅ አትስቅም፤
ዓይኗን ብቻ ወደ ሌላ ሰው ታሻግራለች፣ ከዚያ አትመልስም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሪውን ልደፋ ገባሁ።
ከፈረሱ የተረፈው አንድ ጆሮ፤
ውሃው ላይ የሲጋራ አመድ፣ የአንዲት ሴት ዶቃ።
«ጌታው የት ቀለጡ?» ይባባላሉ አስተናጋጆቹ፤
ለደመወዛቸው ነው እንጂ ለሰውዬው አይደለም።

እሱ እዚያው ጓዳ ነበር፣ ጓንቱን አውልቆ፣
ብርጭቆ በአራት ጣት ይዞ፣ ከትሪው ውሃ አጥልቆ፤
ጠጣ። ቀና ሲል አወቀኝ።
«ጠጪው እኔ ነኝ ብዬህ አልነበር?» አለኝ።
«ምን ምን ይላል?» አልኩት።
አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ቆየ።
«ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይላል።»

የዚያን ቀን ሂሳብ እስካሁን አልተከፈለኝም።
ቤቱን ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ የጓሮው በር ግን ያው ነው።
በጥር ወንዙ ደነደነ።
ፈረስ ጠመድን።