የትምህርት ተሸካሚ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ጠባብ ናት ሱቄ፤
ትርጉም፣ ኮፒ፣ ማሸግ፣ ይኸው ነው ርስትና ወርቄ።
ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ገና ሳትነቃ፣
ሰዓዳ አራጋው መጣች ሁለት ልጆች አስከትላ፣
ፌስታል ሙሉ ወረቀት በብብቷ አጥብቃ።

«ሙሄ ነው የላከው፤ ከሴቱባል፣ ከባሕሩ ዳር፣
ዓሣ ከሚያራግፍበት፣ ከፖርቱጋል አገር።
ልጆቹ ሳይገቡ ይህን ሙሉ ብሏል ትምህርት ቤቱ፤
አንተ አንብበው እንጂ እኔስ ጨነቀኝ ማየቱ።»

እኔም የማውቀው እንግሊዝኛ ነው፤ ስልኬን ደቀንኩበት፤
ስልክ ግማሹን ያነባል፣ ግማሹን ይፈጥራል እንደ ዘበት።
«አንደኛ ዙር» አለ።
«ምን የሚዞር አለ?»
ከአንድ እስከ አራት ነው ዙሩ፤ አምስትና ስድስት ሌላ ዙር፤
ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ሦስተኛው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ አገር።

ረውዳ የጥር ልጅ ናት፣ የሁለት ሺህ ስድስት፤
ቅጹ ላይ ስጽፋት ሆነች የሁለት ሺህ አሥራ አራት።
«እዚያ ልጅሽ ስምንት ዓመት ዘግይታ ተወለደች።»
«ታዲያ ስምንቱን ዓመት የት ከረመች?»

መግቢያው ዘጠኝ ሰዓት ይላል። «ሊመሽ ሲል? ያረቢ!»
አብሽሪ፣ የኛ ሦስት ነው፤ የጧቱን አስቢ።
ፈረቃ የለም፤ ውሎው ሙሉ ቀን፣ ምሳውም እዚያው።
«ሥጋውስ?» አለች ቶሎ። ለሱም ሳጥን አለው፤
«የማይበሉት» የሚል። ሞላሁት። አንዋር ግን ሰባት ዓመቱ ነው፣
ወንበሬን ይዞ ቆሟል፤ ጥያቄው ሌላ ነው፤
«ዱላ አላቸው?»
ስልኩ ስለ ዱላ ምንም አላለ።

«የቤተሰብ ስም» ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ረውዳ ሙሄ። ሙሄ አሰን። ሰዓዳ አራጋው።
በአንድ ጣሪያ ሦስት ስም፤ ለነሱ ባዕድ ለባዕድ ነው።
«የባልሽን ጻፊ፣ ይቀላል» አልኳት፤ ሌሎችም እንዲያ ያደርጋሉ።
«አባቴ ምን በደለኝ? መቃብሩ ላይ እንኳ ስሙ የለ፣
እኔ ዘንድ ብቻ ቀረ። ይልቅ እናት ብለህ ጻፍ፣
ከገባቸው ይግባቸው፣ ካልገባቸው ይለፍ።»

ከታች አንድ መስመር ነበረ፣ ፊርማ የሚጠይቅ፤
ስልኩን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት፣ ቃሉ እንዲታረቅ።
እምቢ አለ። ሁለቴም አንድ ነገር አወጣ፤
«የትምህርት ተሸካሚ።»
ኃላፊ ማለታቸው ነው፤ የልጁ ነገር ሲመጣ
የሚጠሩት፣ የሚጠይቁት ወላጅ ልላት ስል ቀደመችኝ፤
«እሱማ እኔ ነኝ።

ከኩታበር ስንወጣ፣ ያኔ፣ አንዋር በጀርባዬ፣
እህል ጥዬ፣ ምንጣፍ ጥዬ፣ አንድ ካርድ በደረቴ፣
የሷ የሁለተኛ ክፍል። ተመልከተው፣ ማኅተሙ ሟሟ፣
ዝናብ እንዳይመስልህ፣ የኔ ላብ ነው፣» አለች ቆማ።

ተመለከትኩት። ሒሳብ ሰማንያ አራት፤ አማርኛ ዘጠና፤
ጠባይ የሚለው ላይ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ሰማያዊ ደመና።
ተርጓሚ ነኝና የጠፋውን አልሞላም፤
«አይነበብም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ግን ደስ አላለውም።

የጣት ቀለም አቀረብኩላት። ወደ ጎን ገፋችው።
«አራተኛን ሳልጨርስ ዳሩኝ እንጂ ፊደል ነበረኝ፣ የምስለው።»
ሳጥኑ ለላቲን ነው፤ ጠባብ፤ ትንንሽ ጥርስ የመሰለ፤
በኛ ይቻል እንደሁ አላውቅም፤ ስልኩም ምንም አላለ።
ሰዓዳ ጎንበስ አለች። ሰ-ን ጻፈች። ዓ ጋ ቆየች።
ዳ ከሳጥኑ ወጥታ፣ ከመስመሩ ወርዳ፣
እነሱ ስም ከሚጠይቁበት እስከ ዳር ሄደች።

ከሥሩ በእንግሊዝኛ ላብራራው አስቤ
ተውኩት።
አሸግኩት፤ ሂሳቡን የግማሹን ጠየቅሁ፤ ሙሉውን ከፈለች፣
ግማሽ ነገር እዚያም አይሠራም እያለች።

ጉሙ ገና አልተነሳም። ልጆቹን ይዛ ወጣች።
አንዋር በሩ ላይ ዞረ፤
«ዱላውን ጠይቅልኝ፣ እሺ?»