ወዝ

ጀርባሽ ላይ ክብ፣ ክብ፣ ብል የበላው ካፖርት፤
ጆሮሽ ላይ ቅርፊቱ፣ ጣት ሲነካው ዱቄት።
«እከክ ነው» አለ ጌለርት፣ አጥሬ ላይ ተንጠልጥሎ፣
«ድኝ ነው መድኃኒቱ፣ ከተቃጠለ የትራክተር ዘይት ተቀላቅሎ።»
ቀባሁሽ፣ ቦርካ። ይቅር በይኝ።
ሦስት ቀን ጋራዥ ጋራዥ ሸተትሽ፤
ሦስት ቀን ፊትሽን ነሳሽኝ።

ከቲሳ ወንዝ ማዶ ዶክተር ኤሜሼ፣ እጇ ብርድ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣
ቆዳሽን ፍቃ አፈጠጠች በማይክሮስኮፕ።
ተባይ የለም። ፈንገስ የለም። ደምሽም ነጻ ወጣ።
ከፀጉርሽ ነቅላ ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤
ሥሩን እንደ እጅጌ ያለበሰው ቅርፊት። ዝም አለች።
«ጠርጥሬያለሁ፤ ስሙን ግን ቆዳዋ ይናገር» ብላ
አደንዝዛ፣ ምስር የሚያካክሉ ሦስት ክቦች ቆርጣ ሰፋች።

ቁራጩ ቡዳፔስት ሄደ፤ እኔ ሱፌን አጨድኩ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፣ ማጭዴን ጣልኩ።
«ብርቅ በሽታ ነው፣ ቬንዴል። ወዝ የሚያመነጩት እጢዎቿ
በገዛ ጠባቂዎቿ ተወርረው አልቀዋል፤
የቀሩት ጥቂት ናቸው።
አይገድላትም። አይለቃትምም።»

ወዝ!
አርባ ዓመት ወዜን ለመሬት ሳፈስ፣
አርባ ዓመት ሱፍ ስጨምቅ፣ የሰው ድስት ሳርስ፣
ከአልጋዬ ሥር ነው ድርቁ የገባው?
ጀሪካኔን ተሸክሜ ሄድኩ፦ «የራሴን ዘይት ልቀባት፣ ንጹሕ ነው።»
ኤሜሼ ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፦
«እሱ ይሻግታል፤ ለሰላጣህ አቆየው።
ከፋርማሲ ግዛ፣ ሕፃናት የሚቀቡትን።»
ጀሪካኑ ሲመለስ ከመሄዱ ይልቅ ከበደኝ።

እና ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ከአንገት እስከ ጅራት አሽቼ፣ በአሮጌ ፒጃማዬ ጠቅልዬ፣
ለሁለት ሰዓት ያህል ገንዳው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ።
ሬዲዮው ኳስ ያወራል፤ አንቺ ታጉረመርሚያለሽ።
ከዚያ ሻምፑ፣ ውሃ፣ ሻምፑ፣ ሙልጭ እስክትዪ፤
ወለሉ ያንሸራትታል፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ።
ጠዋት ጠዋት ሳይክሎስፖሪን (ስሙ አፌን እስኪለምደው ወር ፈጀ)
በአይብ ደብቄ፦ አይቡን ውጠሽ እንክብሉን ትተፊያለሽ።
እንደገና።

በመጋቢት ጌለርት አጥሩን ዞሮ በበሩ ገባ።
ትከሻሽ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ቡቃያ፣ ስስ፣ ገና ጨቅላ።
«ዳነች?»
«አልዳነችም። ነገ ቅዳሜ ነው።»
መዳፉን ጀርባሽ ላይ አሳረፈ፣ ብዙ ቆየ፤
ሲያነሳው እጁ አብረቀረቀ።
ሱሪው ላይ ሊጠርገው ቃጣና
ተወው።