ደረሰኝ የሌለው መስመር

ግንቦት ነው፤ ረቡዕ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
የከዚራ ጥላ ራሱ ጥላ የሚያሻበት።
ማራገቢያው ዞሮ ወረቀት ይበትናል፣
ሙሴ ኢድሪስ በክርኑ ሰነዱን ይጫናል።
ከጅቡቲ መጥቷል፤ ኦዲተር ነው፤ ጨዋ፤
ላብ የለበትም እሱ፤ ምን ሊያደርገው የድሬዳዋ
ሙቀት? ጣቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። መስመር አርባ አንድ።
«እመቤት፣» አለኝ፣ «ይህችኛዋስ በየት መንገድ?»

የፕሮግራሙ ስም ረጅም ነው፣ እንደ ዕቃ ባቡር፤
«ድንበር ተሻጋሪ» ከፊት የሚያጓር፣
ቀጥሎ «ሰላም»፣ ቀጥሎ «ልማት»፣
«ውሃ» መጨረሻ ላይ፣ ተንጠልጥላ፣ በስንት መከራ፣ በስንት።
ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ የሁለት ሀገር ሕዝብ፤
ከቀፊራ ጉልት፣ ከወደብ ቀረጥ፣ ከደሞዝ ላይ ከሚንጠባጠብ።
እያንዳንዷ ብር፣ እያንዳንዷ ፍራንክ ወላጅ አላት፤
ማን አወጣት፣ ለምን፣ በማን እጅ፣ መጠየቅ አለባት።

ቁፋሮው ሰነድ አለው። ክትባቱ ሰነድ አለው።
የስብሰባው ውሃ እንኳ፣ ሃያ አራት ጠርሙስ፣
ከነማኅተሙ አለ፣ ሳይጎድል፣ ሳይፈስ።
መስመር አርባ አንድ ግን፦ «ግመል፣ አንድ፣ ሴት፤
ለሮብሌ እናት።» ሌላ ምንም የለበት።

ልንገርዎ፣ ሙሴ፤ ዓምዱ ጠቦ ነው እንጂ ነገሩስ ታሪክ አለው፤
ውሃው በወጣ በስምንተኛው ቀን ወረፋ ነው የገደለው
ሮብሌን። ጀሪካን ቀደመ፣ ጀሪካን ተገፋ፤
ዱላ ተነሣ፤ ሲወርድ የሰው ነፍስ ጠፋ።
መቺው ከወዲህ፣ ሟቹ ከወዲያ፤
በማግሥቱ ፓምፑ ዳር አልታየችም አንዲት አህያ።
ሦስት ወር። ገንዳው ሞልቶ፣ አረንጓዴ ለብሶ፤
ከብቱ ከሩቅ ሸትቶት ያገሳል፣ ባለቤቱ ይመልሰዋል አልቅሶ።
እኔ በዚያ ሩብ ዓመት «ጉድጓድ፦ ተጠናቋል፣ መቶ በመቶ»
ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ። እውነት ነው። ተጠናቆ ነበር፣ ተዘግቶ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ከሁለቱም ሀገር፤
ሃያ ሦስት ሰው፣ አንድ ግራር ሥር።
የመቺው ወገን በድርቁ ባዶ እጁን የቀረ፤
ቀኑ በዝምታ አራት ጊዜ ተቆጠረ።
በአምስተኛው ተነሣ ዓይነ ስውሩ ዋይስ፦
«ልጁን የገደለው ውሃው ነው፤ እንግዲህ ውሃው ይካስ።»
ሁሉም ዞሮ አየኝ። ውሃው እኔ ነበርኩ።
ማስታወሻ ደብተሬን ጭኔ ሥር ደበቅኩ።

ግመሏን የሰጡን ሴት፣ ፋዱማ፣ ብሩን ቆጠሩና ያዙ፤
ቀለሙን ሳቀርብ ግን ጣታቸውን በሻሻቸው ገነዙ።
«አሻራዬን ካኖርኩ ሸጠች ይባላል፤ ካሳ አይሸጥም፤
የደም ነገር፣ ልጄ፣ በወረቀት አይቀመጥም።»
ግመሏ በድንበሩ ድንጋይ አለፈች፣ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ኬላ፤
ማታውን ፓምፑ ሲጮህ ሰማሁ። ይኸው ነው። የለም ሌላ።

ሙሴ ኢድሪስ ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።
«ታሪኩ ይገባኛል፤» አለ፣ «ታሪክ ግን አይወራረድም፤
የእኔም እናት ግብር ትከፍላለች፤ እሷ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»
ልክ ነበር። በቀዩ እስክሪብቶ «ከደሞዝ ተመላሽ» ጻፈ።
ፈረምኩ። ሻዩ ሳይነካ ቀረ፤ ዝንብ ከዳሩ አረፈ።

ደጅ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱን አወጣና
«ልጁ ዕድሜው ስንት ነበር?» «አሥራ ስድስት።» ቀና
አላለም። ባጃጁ ወደ ደቻቱ ድልድይ ዞረ፤
ደረቁ ወንዝ አሸዋውን ታቅፎ እንደተኛ ነበረ።

አሁን ሰባተኛ ወር ይዣለሁ። ከጡረታ መዋጮ በታች
«ተቀናሽ፦ ግመል» የምትል አንዲት መስመር አለች።
ገንዘብ ከፋይዋ ትስቃለች፤ «ስንት እግር ቀረሽ?» ትለኛለች።
ወረቀቶቹን ሣጥን ውስጥ አኖራለሁ፣ ወር በወር፣ በተርታ።
ሮብሌን አላውቀውም፤ እናቱን አንዴ፣ ከሩቅ፣ በማታ
አይቻቸዋለሁ፣ ጀሪካን ይዘው፣ ከመቺው እናት ኋላ ተሰልፈው።
ደረሰኙ ይኸው፣ ሙሴ። ሲያልቅ እልክልዎታለሁ፣
አሥራ ስምንቱንም አጥፌው።