ስንጥቁ ማኅተም

የኛ ቤት ማኅተም ጠርዙ ስንጥቅ ነው፣
ሐምሌ ላይ፣ በብርድ፣ ጣቴ የጣለው።
ከዚያ ወዲህ ክቡ ሞልቶ አያውቅም ከቶ፣
«ደሴ» ሲታተምም «ሴ»ን ያስቀራል በልቶ።
ማንም አላሠራው፤ እኔም አልተናገርኩ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ጉድለት አተምኩ።

ጦይባ እንድሪስ መጣች። ጭጋጉ ከጦሳ
ወርዶ ሸፍኖት ነበር እስከ ታች ፒያሳ።
ከኮምቦልቻ ወጥታ፣ ሐረጎን ተጉዛ፣
ካርታዋን በፌስታል ደረቷ ላይ ይዛ።
በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ክር ስትቀጥል ኖራ
ጆሮዋ ደክሟል፤ ጮክ ብላ ነው የምታወራ፤
ወረፋው በሙሉ እየሰማት፣
ግድግዳው እያስተጋባላት፣
«ወንድሜ፣ ሳላይሽ ቤት ገዛሁ» አለችኝ፣
«ስሙን አዙርልኝ» ፌስታሉን ሰጠችኝ።

ዘረጋሁት። አየሁ። ክቡ ምን የመሰለ!
ጠርዙ ያልተነካ፣ «ሴ»ም ሳይጎድል ያለ።
እንዲህ ያማረ ማኅተም መቼ አለ በቤቱ፤
በማማሩ ታወቀኝ ሐሰተኛነቱ።

ዶሴውን አወጣሁ።
ባለይዞታው ይመር ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤
ዘንድሮ ሆነሳ ውክልና መስጠቱ!
ከመቃብር ወጥቶ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣
ፈርሞላት ተኛ ወይ ዳግመኛ ተቀብሮ?

«ሻጩስ ማነው?» አልኳት።
«ጨዋ ነው ሰውዬው፤ ግቢው ኮክ ነበረው፤
‹አባቴ ተከላት› ሲል እንባ ተናነቀው።
አዘንኩለትና ዋጋም አልቀነስኩበት፤
ዕቁቤን፣ የወርቄን፣ በጥሬው ቆጠርኩለት።»

ወረፋው ጸጥ አለ።
ከወደ ኋላ አንድ ጎልማሳ፣
«ኮክ ያለበት ግቢ? በሩ ሰማያዊ?» ብሎ ድምፁን አነሳ፤
ከኮቱ ኪስ ያወጣው
ያው ካርታ ነው። ያው ሙሉ ክብ። ያው ያማረው።

እሷ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም፤
ስትናገርም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልጮኸችም፦
«ገና ገንዘብ ሳልሰጥ፣ ሐሙስ መጥቻለሁ፤
‹ዶሴው ይታይልኝ› ብዬ ጠይቄያለሁ፤
‹ዶሴው ወጥቷል፣ ሰኞ ተመለሺ› አልከኝ፤
ደላላው ‹ሌላ ገዥ አለ› ይላል፤ ሰኞ ራቀኝ።»

ዶሴው አልወጣም ነበር። ከኋላዬ፣ መደርደሪያው ላይ፣
ክንድ ቢዘረጋ የሚደርስበት፣ አቧራ ለብሶ ከላይ፤
በውስጡ የወራሾቹ እግድ፣ የይመርም ሞት ተጽፎ፣
በእኔው እጅ ተጠርዞ፣ በእኔው መርፌ ተሰፍቶ ተጠርፎ።
ለምሳ ሩብ ጉዳይ ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም፤
«ሰኞ» ማለት ከመነሣት ይቀላል፤ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

አመሻሹ ላይ ሄድን።
የይመር ልጅ ቁልፏን ይዛ መጥታ በሩን ከፈተች፤
«ስምንት ወር ተከራይቶኝ ነበር፤ ኪራዩንም አልጨረሰ» አለች፤
«ኮኳንም አባቴ አልተከላትም፤
ከተተፋ ፍሬ በቀለች እንጂ፣ ማንም አላሰባትም።»
ጦይባ ግንዱን ዳሰሰች፣ የተበጠሰ ክር እንደምትፈልግ፤
ጎልማሳው ስልክ ይደውላል፤
ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ይላል፤
ደጋግሞ ይደውላል።

ሰንብቶ አለቃዬ አዲስ ማኅተም አስቀረጸ፤
ክቡ ሙሉ ሆነ፣ «ሴ»ም ተስተካክሎ ተጻፈ።
ሁሉም ደስ አላቸው። እኔ ግን እፈራዋለሁ፤
እውነቱን ከሐሰቱ ከእንግዲህ በምን እለያለሁ?
አሮጌውን በመሳቢያዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አኑሬያለሁ።

ባለጉዳይ መጥቶ ሰፈሩን ሲነግረኝ
ስሙ ይወቅሰኛል፤ ምላሴ ይያዝብኛል፤ እጄን ያሳስረኛል።
ያልሆነልሽ ቤት፣ ጦይባ፣ ያለው ሳላይሽ ነው፤
ያን ሐሙስ የሸኘሁሽም
ሳላይሽ ነው።