ክዳን የሌለው ዓይን

ሄርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጣሪያው ከዝናብ ጋር በሚያወራበት ቤት፣
ባሕር አለኝ። ስልሳ ሊትር ነው፤ አራት መስታወት፣ አንድ ሽቦ ያለበት።

ነዚፍ ነው ያመጣው፤ የእህቴ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣
ከጅቡቲ ሲመለስ፣ በፌስታል ቋጥሮ ከነባሕሩ።
"አጎቴ፣ ብቻህን ከግድግዳ ጋር አታውራ" ብሎ፣
ጣት የምታህል ነፍስ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ፣
ሞተሩን ሳያጠፋ ሄደ።

ክላውን ዓሣ ይሉታል። ብርቱካን ለብሶ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ፤
ወገቡን እየሰበቀ የሚዋኝ፣ ሰርግ ቤት እንደዘለቀ።
ጎረቤቴ ሩማና አጎንብሳ አየችውና "ይሄ ይበላል?" አለችኝ፤
ላልቶ ይሁን ጠብቆ እንጃ።
"አዎ" አልኳት፤ አላመነችኝ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ለመብራት ኃይል ምሰሶ የወጣሁ ሰው ነኝ፤
ከጅሬን ግርጌ እስከ ቦዬ ረግረግ ሽቦው በስሜ የሚያውቀኝ።
ታዲያ ለአንድ ዓሣ መብራት ይቸግረኛል?
ከተጣለ ቴሌቪዥን ጀርባ አምፖሎቹን ለቀምኩ፣
በአሮጌ የመስኮት ብረት ላይ ደርድሬ በብየዳ አጣበቅኩ፤
ነጭ፣ የሚወጋ፣ እንደ ቀትር የማያወላዳ።
አብርቼ ተውኩት።
ቀን በራ። ሌሊት በራ።
ዓሣው ጨለማ እንዳይፈራ።

እውነቱን ልናገር? ጨለማ የምፈራው እኔ ነኝ።
ሙንተሃ የሞተች ሌሊት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበር።
መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማው የሚደውልልኝ እኔ፣
በዳበሳ ነው ፊቷን ያገኘሁት፤
በእነዚህ፣ ሽቦ ባሻከራቸው ጣቶች፣
በዳበሳ ነው ዓይኗን የከደንኩት።
ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አምፖል ጠፍቶ አያውቅም፤
ቆጣሪው ይቁጠር።

በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ አበቀለ፤
ዓሣው ከማሞቂያው ጀርባ ተሸጎጠ፣ ምግብ እምቢ አለ።
ኢፍቱን ጠራኋት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የውኃ ፍጥረት የምታስተምር፤
ስሟ በኦሮምኛ ብርሃን ነው፤ የመጣችው ግን ስለ ጨለማ ልትመክር።

"ጋሽ ራያ" አለች፣ "ብርሃን የሚበላው ይሄ አይደለም፤
ብርሃን የምትበላው ቤቱ ናት፣ ያቺ ጸጉራም የባሕር አበባ፤ እሷ ደግሞ እዚህ የለችም።
ለእሱ ለስለስ ያለ ይበቃዋል። ስምንት፣ ቢበዛ አሥር ሰዓት፤
ጠዋት ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ማታ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ ድንገት አይብራበት።
ደግሞ ዓይኑን ይዩት። ክዳን የለውም።
እርስዎ ካልከደኑለት ማንም አይከድንለትም።"

አልመለስኩላትም። ሻይ ቀዳሁላት፤ ስኳሩን ረሳሁ።

ያን ማታ፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣
ከማብሪያው ፊት ቆምኩ፤ ስንት ሺህ ቮልት ያልበገረው እጅ አንዲት ቁልፍ ላይ ሲዝል።
መጀመሪያ የሙንተሃን ሰማያዊ ሻሽ መስታወቱ ላይ ጣልኩ፤
ውኃው የመሸበት ሰማይ መሰለ።
ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣
ቀጭ አደረግኩ።

ጨለማው እንደፈራሁት አልነበረም፤ ድምፅ ነበረው፦
የፓምፑ ጉርምርምታ፣ አዌቱ ከሩቅ፣ ቆርቆሮውን ነጠብጣብ ሲነካካው።
ተኛሁ ወይ? ጥቂት።

ንጋት ላይ ሻሹን ገለጥኩት። ጎኑን ለገል ሰጥቶ አንቀላፍቶ ነበር፤
ብርሃኑ ሲደርሰው ወገቡን ሰበቀ፤ መጣ፣ መስታወቱን በአፉ ሊቆረቁር።

ይኸው ዛሬ፣ ገና በሁለት ሰዓት፣ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ።
ልጆች ጮኹ። ሩማና በአጥር ላይ ተንጠራራች፦
"ጋሽ ራያ፣ መብራቱን ምን በላው?"
ፓምፑን ከመኪና ባትሪው ጋር በዳበሳ አገናኘሁት፤
ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል።
"ይመጣል" አልኳት፣
"ይመጣል። አሁን ግን ቀስ በሉ፤ ሰው ተኝቷል።"