ሙሐረቅ፣ ያለ ዳታ

ሐሙስ ማታ፣ ከኩንሂ ልብስ ማጠቢያ ደጃፍ፣
እቆማለሁ ተደግፌ ከግድግዳው ጫፍ።
የቤቱ ዋይፋይ እስከዚህ ይደርሳል፣
ከዚህ አንድ እርምጃ ካለፉ ይበጠሳል።

«ይሄን አራት ማዕዘን ጎትቺው» አለች ሉባባ፣
«ደሴቷ በሙሉ ማዕዘኑ ውስጥ ትግባ።
አሁን ‹አውርድ›ን ንኪው፤ ሲሞላ ትሄጃለሽ፣
ነገ ያለ ካርድም መንገድ ታገኛለሽ።
ሳተላይት እንደሆን ሂሳብ አይጠይቅም፣
ከላይ ሆኖ ያይሻል፤ ካርድሽ ቢያልቅ አያውቅም።»

ሰባ በመቶ... ሰማንያ... ኩንሂ ካውያውን ነቀለ፣
«አንዴ፣ ወንድሜ!» ስለው በሩ ላይ ሳቅ አለ፤
መቶ ሲሞላልኝ መዝጊያውን ጣለ።

ደሴቷን በሙሉ፣ ከነጎዳናዋ፣
ከነመስጊዶቿ፣ ከነማደያዋ፣
በቀሚሴ ኪስ ውስጥ እንደ ቁልፍ ከትቼ
ተኛሁ፣ ለነገ ሥራ ልብሴን አውጥቼ።

አርብ።
አዲሷ አሠሪዬ «ሰባት ሰዓት» ብላለች፤
በእኛ አንድ መሆኑ ነው። ፀሐይ ገና ስትወጣ ትነክሳለች።
የቤቱን፣ የመንገዱን፣ የብሎኩን ቁጥር
መዳፌ ላይ ጽፌ፣ ጨብጬ እንደ ምስጢር፣
ከአውቶቡስ ወረድኩ።
ኔት የለም፣ ድምፅ የለም፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ግን አለች፣
ስታጠፍ ትታጠፋለች፣ ስቆም ትቆማለች።

ከድልድዩ ወዲያ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣
ግራጫው ጎዳና ከስልኬ ላይ ጠፋ።
ነጥቧ ውኃ ገባች።
አንድ እርምጃ ስጨምር እሷም ወደ ጥልቁ ራቀች።

እኔ አስፋልት ላይ ነኝ። ጫማዬ ደረቅ ነው።
አዲስ ቪላ፣ አጥር፣ የቆሻሻ ገንዳው፣
በገመድ ተወጥሮ የታሰረ ቴምር፤
ካርታው ግን ይለኛል፦ ባሕር፣ ባሕር፣ ባሕር።

ስልኩን አገላበጥኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣
ሉባባን በልቤ ሰደብኩ፣ ይቅር አልኳት፣ ፈራሁ።
ዋና አላውቅም እኮ!

ካልተጨረሰ ግንብ ጥላ ሥር
ሽማግሌ አየሁ በፕላስቲክ ወንበር።
የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ነው፤
አምጪ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በይ፣
ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ የለው።
ስለዚህ ዝም ብዬ ስልኩን አሳየሁት።

መነጽሩን አወጣ፣ በቀሚሱ ጫፍ ወለወለ፣
አቀረበ፣ አራቀ፣ ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ አውራ ጣቱን ከነጥቧ ጎን አሳርፎ
«በሕር» አለ።
ቃሉ አንድ ነው፣ በእሱም ቤት በእኔም ቤት።
የዓሣ ወጥመዱን፣ የዘንባባ አጥሩን፣
በጣቱ አየር ላይ ሣለልኝ፣ ክንፉን፣ በሩን፣
ውኃው ሲሸሽ ዓሣው የሚቀርበትን፣
እኔ የቆምኩበትን።

«ላኪልኝ» አለ በምልክት፤ ወረቀት ላይ የልጁን ቁጥር ጻፈ።
«ኔት የለም» አልኩት። «አርብ» አልኩት።
ተነሥቶ እስከ በሩ አደረሰኝ።
አሥራ ሦስት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር።

ሐሙስ ደግሞ መጣ።
ስልኬ ከኩንሂ ደጅ ዋይፋዩን አሸተተ፣
ሳይጠይቀኝ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ከተተ።
በወጥመዱ ቦታ መንገድ፣ ብሎክ፣ ቁጥር፣
ፋርማሲ እንኳ አለ፤ የለም ጠብታ ባሕር።
«በቃ፣ ከእንግዲህ አትጠፊም» አለች ሉባባ።
እውነቷን ነው።

አርብ። ሰባት ደቂቃ፣ ይላል። ቀጥ ያለ መስመር።
ሽማግሌው እዚያው ነው፣ በያው ወንበር፤
ገና ሳልደርስ መነጽሩን ያወጣል።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣
በላብ የደበዘዘውን መዳፌን ዘረጋሁለት፣
በሳምንቱ የተማርኳትን አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁት፦
«ወይን?»

ተነሣ። በጣቱ ጠቆመኝ፦
ከወጥመዱ በር በግራ፣
ጥልቁን ትተሽ፣ በዳር በዳር።